የውኃ አባቱ ሁለት ድምፅ

አንድ የውኃ አባት ነበር፤ ስሙ ይመር ይባላል። በመስኖ በሚያድር አገር የቦዩ አፍ ለማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት የሚወስነው እሱ ነበር። ሰዓቱን ለማወቅ ጥላውን በእግሩ ይለካና «ያንተ በቃ፣ የሷ ደረሰ» ይላል። እሱ ካለ አለ ነው፤ የሚከራከረው አልነበረም።

ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ሰባት ዓመት ሲሞላት ሊያስመዘግባት ትምህርት ቤት ወሰዳት፤ በመስኮት አየና ሳያስመዘግባት ተመለሰ። በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ ታጭቋል። ከፊት ያሉት መምህሩን ይከተላሉ፤ ከኋላ ያሉት ይቆነጣጠጣሉ፤ የመሐሎቹንማ መኖራቸውንም የሚያውቅላቸው የለም። «ልጄን እዚህ ከምጥላት እኔው አስተምራታለሁ» አለ።

ለወሬ አልነበረም፤ አደረገው። ማንበብና መጻፍ አስተማራት፤ ሒሳብ አስተማራት፤ ቦዩን ከራስጌው እስከ ግርጌው አብሯት እየሄደ አሳያት። አንዲት ጥያቄ ከጠየቀች መልሱ እስኪገባት ድረስ በሬ ቢጠፋበት እንኳ አይነሳም። ፍርድም አስተማራት። ከሥራ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ሁለት በርጩማ ያስቀምጣል። በአንደኛው ተቀምጦ በወፍራም ድምፅ ይከሳል፤ ወደ ሌላኛው ይዛወርና በቀጭን ድምፅ ይመልሳል። ስንዱ ትፈርዳለች። በወፍራሙም በቀጭኑም ድምፅ «እግዜር ይስጥልን» ትባልና ችሎቱ ይበተናል። ይመር በዚህ የተነሳ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው።

አብሮ አደጉ መምህር ደምሌ ባገኘው ቁጥር ይጨቀጭቀዋል።

«ስንዱን ላካት እንጂ፣ ይመር።»

«ከሰማንያ ልጆችህ መሐል የሚበልጣት አንድ አምጣና ነገ ጠዋት እልካታለሁ።»

«የሚበልጣት የለኝም» አለ መምህሩ። «የሚቃወማት ግን ሰማንያ አለኝ።»

ይመር ከት ብሎ ሳቀ። መቃወም ደግሞ ምን ትምህርት ነው ብሎ ነው።

ስንዱ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ይመር ጉልበቱን ታመመ። ቦዩን መውጣትና መውረድ አቃተው። ሽማግሌዎች ሌላ የውኃ አባት ሊመርጡ ሲሰበሰቡ በምርኩዝ መጥቶ ለመናቸው። «ልጄን ሞክሯት። ከእኔ የምታንስበት የለም» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ «አንድ ሳምንት ትያዘው። በሰላም ከተወጣችው ቦዩ የሷ ይሁን፤ ካልሆነ ግን ሌላ እንፈልጋለን» አሉ። ይመር የዕድሜውን ልፋት በዚያች ሳምንት ላይ አኖረ።

ሦስቱ ቀናት በሰላም አለፉ። በአራተኛው ቀን ዘነቡ የምትባል ሴትና ይማም የሚባል ጎረቤቷ ዶማቸውን በትከሻቸው ይዘው ቦዩ አፍ ላይ ተገናኙ።

«ባለፈው ለቅሶ ስሄድ ተራዬን ሰጥቼዋለሁ፤ ዛሬ የራሱን ሊሰጠኝ ተስማምተናል» አለች ዘነቡ።

«ተስማምተን ነበር፤ ግን ቦዩ ከላይ ተሸንቁሮ የደረሰኝ እኩሌታው ነው። እንዴት ሙሉውን እመልሳለሁ?» አለ ይማም።

ስንዱ ጥላዋን ለካች። «ተራው የይማም ነው» አለች።

«ስለ ጥላ ማን ጠየቀሽ?» ብላ ዘነቡ ጮኸች። ይማምም «ቆይ፣ የፈረድሽልኝ ሳትሰሚኝ ነው?» አለ። መንገደኛው ቆመ፤ ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ ወገነ። ስንዱን በሕይወቷ ንግግሯን ያቋረጣት ሰው አልነበረም። ያንኑ ፍርድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። በሦስተኛው የሚሰማት ጠፋ። ሁለቱን እዚያው ትታ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች።

ዳኛ ሲጠፋ ዘነቡ በግራ፣ ይማም በቀኝ ቦዩን በዶማ ሸነቆሩት። ውኃው ለእሷም ለእሱም ሳይሆን ግጦሽ ሜዳ ላይ ፈሰሰ። ከበታች ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ሽንኩርት ጠወለገ።

ይመር ልጁን ከበርጩማዎቹ በአንዱ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ሒሳቡ ተሳሳተብሽ?»

«አልተሳሳተም።»

«ታዲያ ምን ነካሽ፣ ልጄ?»

«አባዬ፣ እዚህ ቤት ከሳሹም ተከሳሹም አንተ ነበርክ» አለችው። «ሁለቱም ይወዱኝ ነበር።»

ይመር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በፍቅር የደከመበት ነገር ምን እንደነበረ ያኔ ገባው። ፍርድ ያስተማራት መስሎት የኖረው አባቷን ማሸነፍ ሲያስተምራት ነው። ምርኩዙን አንስቶ በቀጥታ መምህሩ ዘንድ ሄደ።

«አሸነፍከኝ፣ ደምሌ። ቤት መማር ከንቱ ነው። ከነገ ጀምሮ ልጅቷ ሙሉ በሙሉ ያንተ ናት።»

«ቀስ በል። አምና ለታችኛው ቦይ የውኃ አባት አድርገው የመረጡት የእኔን ተማሪ፣ ካሳውን ነው። ሰው ሲጣላ አስቆ ያስታርቃል፤ የሚጠላው የለም። ውኃው እስከ መጨረሻው ማሳ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ግን አያውቅም ነበርና የሦስት ሰው በቆሎ ደረቀ። ክፍል ውስጥ ሊጠይቅ እጁን ሲያወጣ ይታወሰኛል። እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም፤ ሰማንያ ናቸዋ!»

ይመር ምርኩዙን አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስንዱ ያጣችው ተቃዋሚ ነው» አለው መምህሩ። «የእኔዎቹ ያጡት ጊዜ ያለው ሰው ነው። ስንዱን ስጠኝ። አንተም ጉልበትህ እንጂ አፍህ አልታመመም፤ ከኋላ የሚቀመጡትን በየሳምንቱ እልክልሃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በቃላቸው ጸኑ፤ ቦዩን ለሌላ ሰው ሰጡት። ስንዱ ተፈትና ስምንተኛ ክፍል ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ አለቀሰች፤ ልጆቹ «ዳኛዋ መጣች» እያሉ አሾፉባት። ውላ አድራ ግን መሳቅ ጀመረች፤ «ተሳስቻለሁ» ማለትንም ለመደች። ከትምህርት ስትመለስ የዋለችበትን ክርክር ሁሉ ለአባቷ ትነግረዋለች፤ እሱም እንደ ድሮው እስኪገባት አብሯት ይቀመጣል። ይመርም ቦዩ ዳር ከኋላ መደዳ የመጡ ልጆችን ሰብስቦ ጥላ ያስለካቸው ጀመር። ከመሐላቸው አንዱ ጥያቄው ማለቂያ አልነበረውም፤ ይመር ግን እስኪያልቅ ይሰማዋል።

በሁለተኛው ዓመት አዲሱ የውኃ አባት ጭቅጭቁ ሰለቸውና ተወው። ሽማግሌዎቹም ስንዱን አስጠሩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ዘነቡ ዶማዋን ተሸክማ ከሌላ ሰው ጋር እየተጨቃጨቀች ደረሰች። ይመር በምርኩዙ ተደግፎ ከሩቅ ይመለከታል።

ስንዱ ጥላውን አልለካችም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና «እትዬ ዘነቡ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች። እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ሌላውንም ሰማች። ከዚያ በኋላ ተነሥታ ጥላውን በእግሯ ለካች፤ ፈረደች። ዘነቡ እያጉረመረመች ሄደች፤ ዶማዋ ግን ከትከሻዋ አልወረደም።

ወዳጆቼ፣ ቤት ለልጅ ጊዜ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ሌላ ሰው ይሰጣል። ጊዜ ያላገኘ ልጅ ያወቀ እየመሰለው ያድጋል፤ ሌላ ሰው ያላገኘ ልጅ ያወቀው ሁሉ ደጃፉ ላይ ይቀርበታል። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ብላችሁ ከመሟገታችሁ በፊት ልጃችሁ የጎደለውን እዩ። ቤት የምታስተምሩ ከሆነ፣ ከፊት ለፊቱ ባለው በርጩማ ላይ ከእናንተ ሌላ ማን ይቀመጣል? ትምህርት ቤት የምትልኩ ከሆነስ፣ ማታ ሲመለስ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው የሚሰማው ማን ነው?