ጓዳ የተዘጋባት ውሻ

አንድ ውሻ ወዳድ ሰው ነበረ፤ ስሙ አቶ ይመኑ ይባላል። ውሾቹ መልካቸው አንድ ዓይነት፣ ሰፈሩ የሚፈራቸው ነበሩ። ዘራቸው እንዳይቀላቀልበት ብሎ ወንድምን ከእህት ያገናኛል። ውሎ አድሮ ግን ውሾቹ ገና በጉልበታቸው ሳሉ ዓይናቸው ይጠፋ ጀመር። «ቡዳ ነው» አለ።

አንድ ቀን የእንስሳትን የዘር በሽታ የምትመራመር ሐኪም ደጁ መጣች። ከውሾቹ አፍ ምራቅ በጥጥ ወስዳ፣ ውሻን የሚያሳውር በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚሄድ ልትመረምር ነው። አቶ ይመኑ «ዘራቸው በሽታ አለበት» እንዳይባልበት ፈራ። ዓይኗ የጠፋባትን እናት ውሻ ዳማን ጓዳ ዘጋባትና ጤነኞቹን ብቻ አሰለፈ። አስችሎት ግን አልተቀመጠም፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ወደ ጓዳው ያያል።

«አንተ ሰውዬ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» አለችው ሚስቱ።

«ጋሼ፣ የታመመ የለም?» አለች ሐኪሟ።

«በእኔ ቤት? በጭራሽ!» ብሎ ጮኸ።

ዳማ ድምፁን ሰማች። ውሻ የጌታዋን ድምፅ ሰምታ መች ታርፋለች? በሩን ገፋ ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ግድግዳውን እየታከከች መጣችና ጅራቷን እየቆላች እግሩ ሥር ተኛች።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም። «የምፈልጋት እሷን ነበር» ብላ ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ልጅ ሲድሩ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የለ?»

«እንዴታ!»

«ለእነዚህስ?»

«ለውሻ ደግሞ ቤት ይቆጠራል እንዴ፣ ልጄ?»

«ባይቆጠር ነዋ እንዲህ የሆኑት።»

ሐኪሟ ከሁሉም ምራቅ ወስዳ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አቶ ይመኑ ዕረፍት አጣ። የዳማ ቡችላ ጮራም ይታወርብኝ ይሆን እያለ፣ በየጠዋቱ ቁራሽ ዳቦ ይወረውርለትና አየው አላየው ብሎ ይጠብቃል።

ከወራት በኋላ ሐኪሟ ተመልሳ መጣች። «የዳማ ዓይን አይመለስም። ጮራ ግን በሽታው በደሙ ቢኖርም አይታወርም። በሽታው ከሌለባት ባዕድ ጋር ካገናኙት ልጆቹም ያያሉ። ዳማ ያን ቀን ባትወጣ ኖሮ ይህን ባላወቅን።»

ወገኖቼ፣ እኛም ለጸሎት ስንቆም እንደዚሁ ነን። ደህና ደህናውን እናሰልፋለን፤ የታመመውን ጓዳ ዘግተን «በእኔ ቤት የለም» እንላለን። ፈውስ ግን የሚጀምረው ከደበቅነው ነው። እግዚአብሔር ይርዳን።

እርስዎስ ጓዳ የዘጉበት ምን አለ? በሩን ሲቧጥጥ አይሰማዎትም?