ጠርዝ የሚጠየቅበት ድንጋይ

ትሁኔ እስከ ዛሬ መልስ ያጣችለት አንድ ጥያቄ አለ፤ የልጇን ድሪቶ ጠርዝ በምን ትዝጋው?

በቀጋ በር፣ መንገዱ ወደ ላይ ቤትና ወደ ታች ቤት በሚከፈልበት ቦታ፣ ከመቀመጥ ብዛት ጀርባው የለሰለሰ ድንጋይ አለ። የጠያቂዋ ድንጋይ ይሉታል። በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ ዘመድና ጎረቤት ከየልብሱ ቁራጭ እየቆረጠ ይሰጣል፤ እናትየዋም ቁራጩን ሁሉ ገጣጥማ ሕፃኑ የሚታቀፍበትን ድሪቶ ትሰፋለች። መሐሉን እንደወደደች ታደርገዋለች። ጠርዙን ግን ራሷ አትመርጥም። ድሪቶውን ይዛ ከድንጋዩ ላይ ትቀመጥና ቀድሞ ያለፈውን የማታውቀውን መንገደኛ ትጠይቃለች፤ እሱ ያላትን ትሰፋለች። ልጁን አይቶት የማያውቅ ሰው ስለምን ይመርጣል ቢባል፣ አዛውንቶቹ እንዲህ ብለው ይጀምራሉ።

በድሮ ዘመን፣ ዘመኑን ለይቶ የሚያውቀው የለም፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ደም ነበራቸው ይባላል። በመስኖ ውሃ ተጣልተው የታች ቤት ሰዎች የእመት ብርቄን የበኩር ልጅ ገደሉ። እመት ብርቄ የላይ ቤት እናት ነበሩ። ሽማግሌ ገባ፣ ካሣ ተከፈለ፣ ደሙም ይደርቅ ዘንድ የታች ቤቷ አንጓች ለሟቹ ታናሽ ወንድም ለቢያድግልኝ ተዳረች። አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እሺም እምቢም ሳትል ሄደች፤ በዓመቱም ወንድ ልጅ ወለደች።

ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጠርዝ ነበረው። የላይ ቤት ጠርዝ ቀይ ጨርቅ በሦስት ማዕዘን እየታጠፈ የሚሰፋ፣ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ነው። የታች ቤት ደግሞ በጥቁር ፈትል እየተጠማዘዘ የሚዞር ነውና ውሃ ይሉት ነበር። ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲሄድ፣ ስም እንኳ ሳይወጣለት፣ የማን ቤት እንደሆነ ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ነው። ለአንጓችም ከሁለቱም ቤት ቁራጭ መጣላት። እመት ብርቄ ማንም ሳይጠይቃቸው ከሟቹ ልጃቸው ቡሉኮ ላይ ቆርጠው አመጡ፤ እሷም ተቀብላ ከመሐል ሰፋችው። የቀረው ጠርዙ ብቻ ሆነ።

«ጥርስ ነው መቼስ» አሏት እመት ብርቄ።

«ገና አላሰብኩትም እማማ።»

«የሚታሰብ ምን አለው? የልጄን ልብስ ከመሐል አስገብተሽ ዙሪያውን በገዳዮቹ ውሃ ልትከቢው ነው?»

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ ይርዳው ቅቤ ይዞ ሊጠይቃት መጣ። ድሪቶውን ገና ከማየቱ «ውሃችንስ የታለ?» አለ። «ካሣ ሰጠን፣ አንቺን ሰጠን። አንድ መስመር ፈትል ነው አሁን የምትሰስቺብን?»

አንጓች ለባሏ ብትነግረው፣ ቢያድግልኝ «እኔማ የመርፌ ቀዳዳው የት እንዳለ እንኳ አላውቅ፤ ከእናቴ ጋር እዚያው ተነጋገሩ» ብሎ ሳቀባት። ሳቁ ግን አልቆየም። በማግሥቱ ጦሩን ከተሰቀለበት አውርዶ ብረቱን በቅቤ ሲወለውል አየችው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰዳትም ይባላል። ጥርሱን ብትሰፋ ወንድሟ፣ ውሃውን ብትሰፋ አማቷ፤ የደረቀው ደም በእሷ መርፌ ሊከፈት ሆነ።

አስባ አስባ ሁለቱንም ሰፋች፤ በአንዱ ጫፍና በቀኙ ጥርሱን፣ በሌላው ጫፍና በግራው ውሃውን። እኩል አካፈልኩ ብላ ልቧ አረፈ። ድሪቶ ግን ራስጌና ግርጌ አለው፤ ይህን ዘነጋችው። ይርዳው ከዘመዶቹ ጋር ሕፃኑን ሊያይ ሲመጣ፣ ልጁ ተጠቅልሎ ተኝቶ ጥርሱ ከራሱ በላይ፣ ውሃው ከእግሩ በታች ሆኖ አገኘው።

«ሟች የእነሱ ነው ተብሎ ካሣ ከፈልን» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ደግሞ የሕፃን እግር ማበሻ ሆንን?»

የቀረበለትን እንጀራ ሳይቆርስ ተነሣ። አንጓች ደንግጣ ድሪቶውን ገለበጠችው። ይሄኔ እመት ብርቄ ከጓዳ ብቅ አሉና «እንዲህ ነው፤ ልጄን ዘቅዝቀሽ ሰቀልሽልኝ» አሏት። ወዲያ ብታዞረው ወዲህ ብታዞረው የማይከፋው አልተገኘም።

በነጋታው ጥርሱንም ውሃውንም ተረተረችው። ጠርዝ የሌለው ድሪቶ ደግሞ አይቆይም፤ ከዳር ያሉት ቁራጮች መላላት፣ ፈትሉም ወደ መሐል መበተን ጀመረ። እሷም ልጁን አዝላ ድሪቶውን ይዛ ወጣች። አንዳንዶች ወደ አክስቷ አገር ልትጠፋ ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የት እንደምትሄድም አታውቅ ነበር ይላሉ። መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ስትደርስ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ አቃታትና ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እንደሚነገረው በዚያ ሰዓት አንድ የበርበሬ ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ ደረሰ።

«ምነው እህቴ፣ ከብት ጠፋብሽ?»

«አይደለም አያ። ላይ ቤትን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታች ቤትንስ?»

«እሱንም አላውቅ። ይህን ልትጠይቂኝ ነው አህዮቼን ያስቆምሽኝ?»

«እንግዲያስ የዚህን ጠርዝ አንተ ምረጥልኝ።»

ነጋዴው ሊስቅ ጀምሮ ነበር፤ እንባዋን ሲያይ ተወው። ድሪቶውን ተቀብሎ አገላበጠው። «እኔ የማውቀው ስፌት አንድ ነው» አላት። «የጆንያ አፍ የምዘጋበት። ከወዲህም ከወዲያም እያጠላለፍሽ ትወጊዋለሽ። አያምርም። ብቻ የያዘውን አያፈስም።»

አህዮቹን ተከትሎ ሄደ፤ ስሙንም አልጠየቀችው። እዚያው ድንጋዩ ላይ ሰፍታ ጨርሳ ተመለሰች።

የክርስትናው ዕለት እመት ብርቄ ድሪቶውን ሲያዩ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አሉ።

«የመንገደኛ ነው እማማ።»

«የቱ መንገደኛ?»

«ሄዷል።»

እመት ብርቄ የሚቆጡት ሰው አጡ። ጠርዙን በጣታቸው ዙሪያውን ዳስሰው፣ አውራ ጣታቸውን ከመሐሉ ከልጃቸው ቁራጭ ላይ አሳረፉ። ይርዳውም መጥቶ አየና «ልጅሽን የበርበሬ ጆንያ አስመሰልሽው እኮ» ብሎ ተቀመጠ። እንጀራ ቆረሰ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ከደጃፍ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሄደ የሚሉም አሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ጦሩ ወደ ግድግዳው መመለሱ ነው። አንጓች ካረጀች በኋላ፣ ያን ጊዜ አውቀሽ ነው ወይስ ፈርተሽ እያሉ ሲጠይቋት፣ ወሬውን ወደ ዝናቡ ትመልሰው ነበር ይባላል።

ከዚያ ወዲህ የቀጋ በር እናት ጠርዝ የምትጠይቀው ከመንገደኛ ነው።

ድንጋዩ ዛሬም አለ፤ የጠፋው መንገደኛው ነው። መኪና መንገዱ በወዲያኛው ሸንተረር ከወጣ ወዲህ በዚያ የሚያልፍ እንግዳ የለም። ትሁኔ ልጇን አዝላ እየተመላለሰች ተቀመጠች። አንድ ባጃጅ መጣና ባለባጃጁ «ገበያ ነሽ?» አላት፤ አይደለሁም ስትለው ጥያቄዋን ሳይጠብቅ አቧራውን አልብሷት ሄደ። ከእሱ ሌላ ያለፉት ሁሉ የሚያውቋት ናቸው። እሷ የታች ቤት ልጅ ናት፣ ባሏ የላይ ቤት፤ ዘንድሮ ደግሞ በእርሻ ድንበር የተነሣ ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቋርጠዋል። የጆንያውን ስፌት እንዳትሰፋ፣ ላይ ቤቶች ነጋዴው የመጣው በእኛ በኩል ነው ይላሉ፣ ታች ቤቶችም በእኛ ነው ይላሉ፤ እሱም እንደ ጥርሱና እንደ ውሃው የሰው ሆኗል። ባሏ እንደ ድሮው ይስቃል፤ ማታ ማታ ግን ደጁን ሁለቴ መዝጋት ጀምሯል።

ድሪቶው ጉልበቷ ላይ ነው፤ ዳሩ መበተን ጀምሯል፤ ክርስትናው እሑድ ነው። ይህን የምታነቡ ላይ ቤትንም ታች ቤትንም አታውቁምና ለትሁኔ መንገደኛዋ እናንተ ናችሁ። እባካችሁ፣ በምን ትስፋው?