ዝም በይ የተባለችው ኮምፒውተር

አንድ ሰው ነበረ፣ ወገኖቼ። ሁሉ ነገሯ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለቀ፣ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ነበረችው። እሱና ባለቤቱ በወጣትነታቸው መዘምራን ሳሉ የዘመሯቸውን መዝሙሮች ከካሴት ገልብጦ እሷ ላይ አስቀምጧል። ያ ዘመን! ለመላው ዘማሪ አንድ ማይክሮፎን፤ ካሴቱ ሲላላ በእስክሪብቶ ማጠንጠን። ታስታውሳላችሁ አይደል? እኔስ ይናፍቀኛል።

ኮምፒውተሯ የምትሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ስትነሳ አስቀድማ አንዲት የትእዛዝ መስመር ታነባለች። ከዚያ ይሄ ደህና ነው፣ ያኛው ታሟል እያለች ያገኘችውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ትጽፋለች። ሰውየው ልፍለፋዋ አስጠላው። እንግዳ ፊት ታሳፍረኛለች አለ። መስመሯ ላይ «ዝም በይ» የሚል ትእዛዝ ጨመረባት።

እንዴት አማረባት! ጥቁር ስክሪን፣ ጸጥታ፣ ከዚያ መዝሙር።

አንድ ጠዋት ግን አልነሳም አለች። መዝሙሮቹም ትእዛዟም የተጻፉበትን ሚሞሪ ካርዷን አውጥቶ፣ በሌላ ኮምፒውተር ያንን ትእዛዝ ሰርዞ፣ መልሶ አበራት። ስክሪኑ በአንዴ ሞላ። ካርዱ ተጎድቷል ትላለች፣ ማንበብ አቃተኝ ትላለች። እንዲህ ያለ ጉዳት ደግሞ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ዝም በይ ባትባል ቀድማ በነገረችው ነበር። የተረፈውን ገለበጠ፤ በሠርጋቸው ሰሞን የዘመሩት ግን ጠፋ።

ባለቤቱ ወይዘሮ ትርንጎ አጠገቡ ቆማለች።

«ውይ! ይቺ ዕቃ እንዲህ ታወራ ነበር እንዴ?»

«ታወራ ነበር። ዝም በይ ብያት ነው።»

«እኔንም ብለኸኛል» አለችው።

«መቼ ነው ያልኩሽ?»

«ጉልበቴን አመመኝ ስልህ፣ ‹ደግሞ ጀመርሽ› ያልከኝ ጊዜ።»

ቁጣ የለባትም። ያስደነገጠውም ይኸው አለመቆጣቷ ነው።

ስንቶቻችን ነን ቤታችን ጸጥ ስላለ ሰላም ነው ብለን የምንኩራራው? ድሮ ግቢው ጫጫታ ነበር። እናት ታማርራለች፣ አባት ይቆጣል፣ ጎረቤት ሰምቶ ይገባል፣ ሳይታረቁ አይወጣም። ያኔ አፍረንበት ነበር፤ ዛሬ ይናፍቀናል። አሁንማ «ምን ሆነሽ ነው?» «ምንም።» እናንተም ሆዬ፣ «ምንም» የተባለውን አምናችሁ ትተኛላችሁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም?

እግዚአብሔር የእኛን ማጉረምረም ስንት ዘመን ሳይሰለች ሰማ። እኛ የአንዲት ሚስት፣ የአንድ ባል፣ የአንድ ልጅ ይከብደናል?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠይቁ። ጠይቃችሁም ቁጭ ብላችሁ ስሙ። መልሱ ያማችሁ ይሆናል። ግድ የለም፣ ይመማችሁ፤ ገና የሚያጉረመርምባችሁ ሰው ተስፋ አልቆረጠባችሁም።