ሶሪትን ያሰረው ወዳጆ

በቦንጋ በኩል ሚስቱን ከደጅ አላስወጣ ያለ ባል ካለ፣ ሽማግሌዎች የወፊቱን የሶሪትን ነገር ሳያነሱበት አይቀሩም። መነሻው ወዳጆ የሚባል ቀፎ ሰቃይ ነው።

ወዳጆ ቦጋለችን የወደዳት ደቦ ላይ ስታዘፍን ሰምቶ ነበር። ካገባት በኋላ ግን ያንኑ ድምፅ ለሰው ጆሮ ሰሰተ። "ከእንግዲህ ደቦ የለም፤ እዚሁ ቤትሽ ዝፈኚ" አላት። እሷም አልተከራከረችም፤ መዝፈኑን ግን ተወችው። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ጭር አለና ወዳጆን እህል አልበላ አለው።

አንድ ቀን ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲሰቅል፣ አንዲት ሶሪት እየጮኸች ከአጠገቡ ተነሳች። ክንፏ ሲዘረጋ እሳት የመሰለ ቀይ ነው። "ይቺ ቤቴ ብትገባ ቦጋለች ትስቅልኝ ነበር" ብሎ ተመኘ። ወፍ አጥማጁን አዴሎን ጠርቶ አሳየው፤ የአንድ ሙሉ ቀፎ ማርም ሰጥቶ በትንሽ የቀርከሃ ጎጆ አስዘግቶ አስመጣት።

ሶሪት ግን አረንጓዴ ላባዋን አጣጥፋ ተቀመጠች። ቀይ የለ፣ ድምፅ የለ። ቦጋለች አየቻትና "እንግዲህ ሁለት ሆንን" አለች።

ወዳጆ ተናዶ ጎጆውን ተሸክሞ፣ ሰው ከተሰበሰበበት ዋርካ ሥር ሽማግሌው አባ ቆጪቶ ዘንድ ሄደ፤ ቦጋለችም ተከተለችው፤ አዴሎም ተጠርቶ መጣ።

"አዴሎ አታለለኝ። ቀይዋን አሳይቼው ሌላ አመጣልኝ።"

"ያችው ናት፣ ወንድሜ" አለ አዴሎ።

ጫካ ያደገ ሰው እንዲህ መሳቱ ያስቃል። ግን ሶሪትን ቅጠል ውስጥ ቁጭ ባለችበት ማን ልብ ብሎ አይቷት ያውቃል?

አባ ቆጪቶ ጎንበስ ብለው ወፊቱን ተመለከቱና "ክፈተው" አሉ።

"አባ፣ ከከፈትኩት ትሄዳለች እኮ።"

"ዳኝነት ፈልገህ አይደል የመጣኸው?"

እያመነታ ከፈተው። ሶሪት ደጃፉ ላይ ጥቂት ቆየችና ተነሳች፤ ያ ቀይም ቦግ አለ። ዋርካው አናት ላይ ስትደርስ ጮኸች። ከሰው ጀርባ ቦጋለች ሳቀች። ወዳጆ ይህን ሳቅ ከሰርጋቸው ወዲህ አልሰማውም ነበር።

"ማሩ የአዴሎ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ "ነገ የእነ አዴሎ ደቦ ነው አይደል?" አላት።

"ነው።"

"እንግዲያው አንቺ ዘፈኑን አውጪ፣ እኔ እቀበላለሁ።"

አባ ቆጪቶም ዓይናቸውን ከዋርካው ሳይነቅሉ፣ "ሶሪትን ያሰረ አረንጓዴዋን፣ የለቀቀ ቀይዋን ያያል" አሉ።