የተወለወለው ጫማ

አንድ ገበሬ ነበረ፣ ስኳር በሽታ ያለበት። ቆይ ትርንጎ፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፤ ገና ተማሪዬ ሳለሽም ትቸኩዪ ነበር። «የስኳር ሕሙማን መከታተያ መዝገባችን ሙሉ ሆኖ ሳለ ገምጋሚዎቹ የጥራት ምስክር ወረቀቱን ለምን ከለከሉን?» ነው ያልሽኝ። እንግዲያው ስሚኝ።

ይህ ገበሬ በየወሩ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ጫማውን ይወለውል ነበር። አንድ ዓመት እግሩ ይቀለው ጀመር። ድንጋዩም እሾሁም አይሰማውም። «ደመና ላይ የምራመድ ነው የሚመስለኝ» ይላታል ሚስቱን፤ እሷም እሰየው ትላለች። ጠዋት ጉሙ ሜዳው ላይ ተኝቶ ሳለ በዚያ ውስጥ ሲሄድ፣ ከሥሩ መሬት ያለ አይመስለውም። ልጅነቱ የተመለሰለት መስሎት ደስ ይለው ነበር፣ ምስኪን!

ነርሱ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው። መዝገቡ «የሕመምተኛው እግር ታይቷል?» ይላል። ታዲያ የተከበረ ሽማግሌ ያን የመሰለ ጫማ አድርጎ መጥቶ፣ በሰው ፊት እንዴት አውልቅ ይበለው? አፈረ። «አባቴ፣ እግርዎን እንዴት አደረገዎት?» ይላል። «ተመስገን፣ እንደ ደመና!» ይለዋል። ምልክት ያደርጋል። በዚያ ምልክት ጤና ጣቢያው የምስክር ወረቀት አገኘና በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

አንድ ቀን ገበሬው ዝናብ መታውና በስብሶ ደረሰ። የጽዳት ሠራተኛዋ አንጀቷ አልቻለም። በቤቷ ከመንገድ ለገባ እንግዳ እንደምታደርገው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበች፤ ተንበርክካም ጫማውን ሳበች። እግሩን ብትነክረው ውሃው ቀላ። ጫማ ሰፊው የመታው ሚስማር ሶሉን ዘልቆ፣ ስኳሩ ያደነዘዘውን እግሩን ሲበላው ከርሟል። ገበሬው ቁስሉን ትክ ብሎ አየና «ይሄ የማን እግር ነው?» አለ።

ነርሱ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የገበሬው ሁለት ጣቶች ተቆርጠው እግሩ በመከራ ተረፈ። ያንን ወረቀት ነርሱ በገዛ እጁ ከግድግዳው አወረደው።

አየሽ ልጄ፣ የአንቺም መዝገብ ያ የተወለወለ ጫማ ነው። ገምጋሚዎቹ ሊያዋርዱሽ አልመጡም፤ አውልቂውና እግሩን አሳዪን ነው ያሉሽ። አንቺ ግን ጫማውን አሳየሻቸው።

ምነው ተነሳሽ? ማን ትዝ አለሽ፣ ሕመምተኛሽ አያ ደርበው? «እግሬ ቀለለኝ» ካሉሽ ስንት ጊዜ ሆነ? ኧረ በይ! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ፣ ሳፋውን ይዘሽ ሂጂ!