ዳገቱ ላይ ያለው ትንፋሽ

አንድ የዜማ ደራሲ በኢስታንቡል ከተማ ይኖር ነበር። ስሙን ረጃኢ ኤፌንዲ ይሉታል። ቤተ መንግሥቱ የሚያከብረው፣ ተማሪዎቹ የሚፈሩት፣ ጎረቤቶቹ ደግሞ «ቁጣው ከዜማው ይበልጣል» እያሉ የሚያሙት ሰው ነበር።

በዚያ ዘመን በዚያ አገር ዜማ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ተማሪው መምህሩ ፊት ይንበረከካል። መምህሩ እያዜመ ምቱን በመዳፉ ጉልበቱ ላይ ይመታል፤ ተማሪውም የራሱን ጉልበት እየመታ ይከተላል። እስኪገባው ድረስ መቶ ጊዜም ቢሆን ይደገማል። እንግዲህ ዜማ የሚኖረው ሰው ውስጥ ነው፤ ሰውየው ለሌላ ሳያስተምር ከሞተ ዜማውም አብሮት ይቀበራል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

ረጃኢ ኤፌንዲ ነሪማን የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። በዘጠኝ ዓመቷ ትኩሳት ወሰዳት። አባትዋ አርባ ቀን ከሰው ሳይነጋገር ቆየና አንድ ዜማ ይዞ ወጣ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። ሱልጣኑ ፊት አንድ ጊዜ አዜመው፤ ከዚያ በኋላ ግን «ያበላሹብኛል» እያለ ለማንም ሳያስተምረው ቆየ።

ከተማሪዎቹ መካከል ዱርሱን የሚባል ተሸካሚ ነበር፤ ቀን ቀን ከወደብ እስከ ገበያ በጀርባው ሸክም ያመላልሳል። አንድ ቀን መምህሩ ያንን ዜማ ለብቻው ሲያንጎራጉር ሰማና እንባው ዱብ ዱብ አለ። ረጃኢ ኤፌንዲ አየው። «ና፣ ተንበርከክ» አለው።

ዱርሱን ዜማውን በሦስት ወር ያዘው። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለው። መሐል ላይ ዜማው ሳይቋረጥ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ ዱርሱን እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ ይወስዳል።

«አትተንፍስ!»

«እሺ መምህር።»

በማግስቱ ያው ነው።

«አንተ ሰው፣ አትተንፍስ አልኩህ እኮ!»

«እሺ መምህር» ይላል፤ ይተነፍሳል። በመጨረሻ ረጃኢ ኤፌንዲ ገነፈለ። «ልጄን አታበላሽብኝ! ውጣ ከቤቴ! ይህን ዜማ ሁለተኛ በአፍህ እንዳታነሳው!»

ዱርሱን የመምህሩን እጅ ስሞ ወጣ። ለምን እንደሚተነፍስ የጠየቀው ሰው የለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ አንድ ጥያቄ እኮ ነው!

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ረጃኢ ኤፌንዲ አረጀ፣ በጠና ታመመ፣ እንደምንም ተረፈ። አንድ ቀን ሱልጣኑ «በበዓሉ ዕለት ያንን የልጅህን ዜማ መስማት እሻለሁ» ብሎ ላከበት። ሽማግሌው ተቀመጠና ጉልበቱን መታ። መጀመሪያው መጣለት። ከዚያ በኋላ ጭልም አለበት። ደገመው፤ አሁንም ጭልም። ሌላ ዜማ ሲጠፋው ተማሪዎቹ ያስታውሱት ነበር፤ ይህንን ከማን ይጠይቅ?

«ወይኔ! ልጄን ሁለት ጊዜ ቀበርኳት» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያኔ ዱርሱን ትዝ አለው።

ወደ ወደብ ወረደ። ዱርሱን ፀጉሩ ሸብቶ፣ ወገቡ ጎብጦ ሸክም ሲጠብቅ አገኘው። ታላቁ ረጃኢ ኤፌንዲ ተሸካሚው ፊት ድንጋዩ ላይ ተንበረከከ። ያየ ሁሉ «ወይ ጉድ!» ብሎ ቆመ።

«ኧረ መምህር፣ ምን ነካዎት? ይነሱ በአላህ!»

«አልነሳም። ያ ዜማ አለህ?»

ዱርሱን አንገቱን ደፋ። «ከልክለውኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ በየቀኑ አዚሜዋለሁ።»

«ጭራሽ አንተ ይቅርታ ትለኛለህ? አዚምልኝ እንጂ!»

ዱርሱን አዜመ። ሽማግሌው ጉልበቱን እየመታ ተከተለ፤ ልጁ ከሄደችበት የተመለሰችለት ያህል ደስ አለው። ያ ቦታ ሲደርስ ግን ዱርሱን ተነፈሰ። ሽማግሌው የጥንቱ ቁጣ መጣበት። ዋጠውና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ፤

«ዱርሱን፣ ለምንድን ነው እዚህ ጋ የምትተነፍሰው?»

«ይምጡ ላሳይዎት።»

ዱርሱን አንድ ጆንያ አዘለና ወደ ገበያው የሚወስደው ዳገት ሥር ቆመ። «ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው። ሸክም ላይ ካልሆንኩ የምለማመድበት ጊዜ አልነበረኝም» አለ። እያዜሙ ወጡ። ዜማው ያ ቦታ ሲደርስ መንገዱ እንደ ግድግዳ ቀጥ አለ። ዱርሱን ተነፈሰ። ምንም ያልተሸከመው ረጃኢ ኤፌንዲም ተነፈሰ። ተያዩና ሳቁ።

የበዓሉ ዕለት ሽማግሌው ሱልጣኑ ፊት ቀረበ። ትንፋሹን መተው ይችል ነበር፤ ዜማው መጀመሪያ እንዴት እንደነበረ አሁን በደንብ ያውቀዋል። ያ ቦታ ሲደርስ ግን አውቆ ተነፈሰ።

ሱልጣኑ እስኪጨርስ ጠበቀና «ድሮ ስሰማው እዚያ ላይ ትንፋሽ አልነበረበትም። ማነው ያበላሸው?» አለ።

«ያበላሸው የለም፣ ሱልጣን ሆይ። እዚያ ጋ ዳገት አለ። ልጄን አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመልኝ ሰው እዚያ ጋ ይተነፍሳል።»

ሱልጣኑም «ድገመው፤ ትንፋሹን እንዳትተወው» አለ።

ወዳጆቼ፣ የምንወደውን ነገር ማንም እንዳይነካብን ስንቆልፍበት ከእኛው ጋር ያልቃል። የሚቆየው ሌላ ሰው ሲሸከመው ነው፤ የተሸከመ ሰው ደግሞ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ምን ያድርግ? እናንተስ፣ «አበላሸብኝ» ብላችሁ ያባረራችሁት ሰው የለም? ዳገቱ የት ጋ እንደሆነ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?