ከስልክ የተገኘ የጥርስ መድኃኒት

ደሴ ውስጥ አቶ ወልደሐና የሚባሉ፣ እንቢ የሚላቸውን ሰው የማይወዱ ባለ ሆቴል ነበሩ። አንድ ቀን ጥርሳቸውን ቢያማቸው ሐኪም ቤት መሄዱን ናቁና፣ ስልካቸው ላይ ባዩት ምክር ነጭ ሽንኩርት በሎሚ አስወቅጠው ድዳቸው ላይ ለጠፉ። ድዳቸው ተላጠ፣ ጉንጫቸውም አበጠ። ይሁን እንጂ ተሳሳትኩ ማለት ሞት ሆነባቸው።

በሆቴሉ ልብስ የምታጥብ አንዲት ምላሰኛ ሴት ይህን አይታ፣ «ሽንኩርቱስ ለወጥ ይሻለው ነበር» ብላ ሳቀች። ወሬው ጆሯቸው ሲገባ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡና ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀኑባት።

«ይኸው! ሁለት መቶ ሺህ ሰው ‹ወደድነው› ብሏል። ይህ ሁሉ ሰው ይዋሻል? ይዋሻል ካልሽ ከሥራ ትባረሪያለሽ፤ አይዋሽም ካልሽ አንቺም አሁኑኑ ትለጥፊያለሽ!»

ከውቅጡ የተረፈውንም ሽንኩርት አቀረቡላት። ሴትዮዋ የተወቀጠውን ሽንኩርት አየች፣ ያበጠውን ጉንጭ አየች፤ ከዚያም እጅ ነስታ መለሰች።

«ኧረ አይዋሹም ጌታዬ! ግን ወደድነው አሉ እንጂ ዳንን መች አሉ?»

አቶ ወልደሐና ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ ድዳቸውን ቢጠዘጥዛቸው ጊዜ፣ ጉንጫቸውን ደግፈው ወደ ሐኪም ቤት ገሰገሱ።